ጉምጉምታው የገባበት በር፦ የሸክላ ቅድመ ማጉያና የኃይል ምንጩ ታሪክ

በአባቶቻችን ቤት የሙዚቃ ሸክላ ከሽፋኑ ወጥቶ በለስላሳ ጨርቅ ሲጠረግ፣ መርፌውም በዝግታ ሲወርድ የተመለከተ ሁሉ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን አጭር የዝምታ ጊዜ አይረሳትም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ዝምታ ነው። ዝምታዋ በእውነት ዝምታ የሆነች እንደ ሆነ ማጉያው ጤነኛ ነው፤ ከሥሯ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ጉምጉምታ የሚሰማ እንደ ሆነ ግን፣ ከግድግዳው ሶኬት የተነሣው ኮረንቲ በአንድ በር ሾልኮ ከሙዚቃው ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ጸሐፊውን ለዚህ ጥናት ያነሣሣው ተራ ችግር ነው። አባቴ ያቆያቸውን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች መርፌው ይበልጥ ሳይበላቸው ለመቅዳት አስቤ ቅድመ ማጉያ ሠራሁ፤ የኃይል ምንጩንም በገዛ እጄ ገጣጠምኩ። ከሸክላዎቹ መካከል አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ባሳተመባቸው ዓመታት የወጡ ይገኙባቸዋል። ማንኛውም ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ቦዩ ጥቂት ስለሚያልቅ፣ የሚቀዳው ቅጂ በመጀመሪያው ጊዜ ንጹሕ መሆን አለበት። ጉምጉምታ ያለበትን ቅጂ ኋላ አጣራዋለሁ ማለትም ከንቱ ተስፋ ነው። ጉምጉምታው የሚቀመጠው በ50 እና በ100 ሄርዝ ሲሆን፣ የቤዝ ጊታር የጂ ኖታዎች ደግሞ በ49 እና በ98 ሄርዝ ላይ ይገኛሉ። አንዱን የሚቆርጥ ማጣሪያ ሌላውንም ይዞት ይሄዳል።

ችግሩን ፈልጌ ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። በዚያም ጊዜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እኔ በጠረጴዛዬ ላይ የተጋፈጥኩትን ጥያቄ የሙያው ቀደምት ሰዎች በየዘመናቸው ተጋፍጠውት እንደ ነበረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እያሳሰብኩ፣ ነገሩን ከመሠረቱ ልጀምር።

ጉምጉምታ ያልነበረበት ዘመን

ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፉን ሲሠራ፣ በርሊነርም በ1887 የጠፍጣፋውን ሸክላ ግራሞፎን ይዞ ሲቀርብ፣ የኃይል ምንጭ የሚባል ጥያቄ አልነበረም። የግራሞፎኑን ሸክላ የሚያዞረው መጀመሪያ የሰው እጅ፣ ኋላም በእጅ የሚጠመዘዝ ሞላ ነበር፤ ድምፁን ወደ ጆሮ የሚያደርሰውም ጉልበት ከዚያው ከሚዞረው ሸክላ በመርፌው በኩል የሚገኝ ነበር። ድምፁ ቀጭንና የሚንኮሻኮሽ ቢሆንም፣ ጉምጉምታ ግን ከየትም ሊመጣበት አይችልም ነበር።

ዲ ፎረስት በ1906 ባለ ሦስት አካል ቫልቭ ፈጠረ። በ1925 ደግሞ ማይክሮፎንና የቫልቭ ማጉያ ወደ ሸክላ መቅጃው ክፍል ገቡ፤ በኤሌክትሪክ የተቀዱ ሸክላዎችም ለገበያ ቀረቡ። ማጫወቻውም ብዙ ሳይቆይ ጥሩምባውን ትቶ ማጉያና ድምፅ ማውጫ ያዘ። በዚያን ጊዜ ቫልቮች የሚሠሩት በባትሪ ነበር። የሬዲዮና የማጉያ ባለቤት ሦስት ዓይነት ባትሪ ያስፈልገው ነበር፤ አንደኛው ፊላመንቱን የሚያግል፣ ሁለተኛው ለአኖዱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ፣ ሦስተኛው ግሪዱን በሚገባው ቮልቴጅ የሚያቆም። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የአሲድ ባትሪ ስለነበረ በየጊዜው እየተነሣ ይሞላ ነበር፤ አሲዱም ምንጣፍና ወለል ያበላሽ ነበር። ባትሪ ውድ ነው፣ አስቸጋሪም ነው፤ ነገር ግን ኮረንቲው ቀጥተኛ ስለሆነ ዝም ያለ ነው። ይህን የባትሪ ጠባይ ኋላ እንመለስበታለን።

ባትሪው ሲወጣ ጉምጉምታው ገባ

በ1925 ካናዳዊው ኤድዋርድ ሮጀርስ በቶሮንቶ ያለ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ለገበያ አቀረበ። በ1927 ደግሞ በአሜሪካ ዓይነት 80 የተባለው የሬክቲፋየር ቫልቭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ተለዋዋጩ ኮረንቲ በትራንስፎርመር ተለውጦ፣ በሬክቲፋየር ወደ አንድ አቅጣጫ ተመልሶ፣ በካፓሲተርና በቾክ እየተጣራ ቫልቮቹን መመገብ ቻለ። ይህ ሥርዓት በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ይሁን እንጂ መሐንዲሶቹ ማጣሪያውን ቢያሳድጉም ጉምጉምታው አልጠፋም። ምክንያቱም የገባበት በር አንድ ብቻ አልነበረም። ፊላመንቱ በተለዋዋጭ ኮረንቲ ሲግል፣ ኤሌክትሮን የሚተፋው አካል ራሱ ፊላመንቱ ስለነበረ፣ የኮረንቲው መወዛወዝ በቀጥታ ወደ ሙዚቃው ይተላለፍ ነበር። በአኖዱ በኩል የቱንም ያህል ካፓሲተር ቢጨመር ይህን በር ሊዘጋ አይችልም። መፍትሔ የሆነው በ1927 የወጣው ዓይነት 227 ቫልቭ ነው፤ በዚህ ቫልቭ ውስጥ ማሞቂያውና ካቶዱ ተለያይተው፣ ማሞቂያው ካቶዱን ከውስጥ እያጋለ በምልክቱ ግን እጁን እንዳያስገባ ተደረገ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከድምፅ ማውጫው ይገኛል። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ድምፅ ማውጫዎች ቋሚ ማግኔት አልነበራቸውም፤ ማግኔታቸው ኮረንቲ የሚያልፍበት የሽቦ ጥቅል ነበር። ሠሪዎቹም ብልሃተኞች ስለነበሩ ይህንኑ ጥቅል የኃይል ምንጩ ቾክ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሠራ፤ ግን ያልተጣራው መወዛወዝ በዚያው ወደ ድምፅ ማውጫው ገባ። ስለዚህ ከድምፁ ጥቅል ጋር ተከታትሎ የሚታሰር አንድ ትንሽ ጥቅል ተጨመረ፤ ሥራውም ጉምጉምታውን በተቃራኒ ጉምጉምታ ማጥፋት ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ አንድን መንገድ ለሁለት ጉዳይ ማዋል ወጪ ቢቆጥብም ሒሳቡን ኋላ እንደሚያስከፍል ነው።

ከቮልት ወደ ሚሊ ቮልት

በ1930ዎቹ የተስፋፋው የክሪስታል ካርትሪጅ አንድ ቮልት የሚያህል ምልክት ይሰጥ ስለነበረ፣ ጥቂት ሚሊ ቮልት ጉምጉምታ ቢቀላቀልበት ብዙም አይሰማም ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1948 ኮሎምቢያ ያወጣው ጠባብ ቦይ ያለው ረጅም ሸክላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አርሲኤ ቪክተር ባለ 45 ዙሩን አወጣ። እነዚህ ሸክላዎች ቀላል ክንድና ረቂቅ ካርትሪጅ ይፈልጋሉ። የማግኔት ካርትሪጅ ጥራቱ የላቀ ነው፤ ምልክቱ ግን 5 ሚሊ ቮልት ያህል ብቻ ነው። ቅድመ ማጉያ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሸክላ ሲቀረጽ የወፍራም ድምፆች ኃይል ይቀነሳል፤ ያለዚያ ቦዩ እየተወላገደ ከጎረቤቱ ቦይ ጋር ይጋጫል። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ደግሞ ከሸክላው መንኮሻኮሽ በላይ እንዲሰሙ ከፍ ይደረጋሉ። ሲጫወት ይህ ሁሉ መገልበጥ አለበት። በ1954 የአሜሪካ የሸክላ አምራቾች ማኅበር አንድ ወጥ መለኪያ አጸደቀ፤ በምህጻር አርአይኤኤ የሚባለው ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት ቅድመ ማጉያው ከ1,000 ሄርዝ ጋር ሲነጻጸር 100 ሄርዝን በ13 ዴሲቤል፣ 50 ሄርዝን ደግሞ በ17 ዴሲቤል አብልጦ ያጎላል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ቅድመ ማጉያ የዘፋኙን ድምፅ 100 ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ፣ በመግቢያው የተገኘውን ባለ 100 ሄርዝ ጉምጉምታ 450 ጊዜ፣ ባለ 50 ሄርዙን ደግሞ 700 ጊዜ ያጎላዋል። የሸክላ ቅድመ ማጉያ ከሌላው ማጉያ ሁሉ ይልቅ ለኃይል ምንጩ ጥራት የሚጨነቀው ስለዚህ ነው።

በዚሁ ዘመን በቤት የሚሠሩ ማጉያዎች ተስፋፉ። በ1947 ዊሊያምሰን የተባለው መሐንዲስ ዋየርለስ ወርልድ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ያወጣው ማጉያ በየአገሩ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሠርተውታል። የእንግሊዞቹ ቅድመ ማጉያዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው የኃይል ምንጭ አልነበራቸውም፤ ለምሳሌ በ1953 የወጣው የኳድ ቅድመ ማጉያ ኃይሉን የሚያገኘው ከዋናው ማጉያ በገመድ ነበር። ትራንስፎርመሩ ከረቂቁ ምልክት እንዲርቅ በመደረጉ የማግኔቱ በር ተዘጋ፤ የመመለሻው መስመር ጉዳይ ግን የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆነ።

የሲሊከን ዘመን

ትራንዚስተር በ1947 ተፈለሰፈ፤ የሲሊከን ትራንዚስተር ደግሞ በ1954 ለገበያ ወጣ። በመቶ የሚቆጠረው ቮልቴጅ ወደ አሥራዎቹ ወረደ፤ ማሞቂያም ቀረ። በ1970 ገደማ ዊድላር ባለ ሦስት እግር የቮልቴጅ ሬጉሌተር አበረከተ። በ1976 ደግሞ ዶብኪን በሁለት ሬዚስተሮች ቮልቴጁ የሚወሰነውን ኤልኤም 317ን ሠራ። ይህ ዕቃ ያለ ተጨማሪ እርዳታ የሚመጣበትን መወዛወዝ በ65 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በማስተካከያው እግር ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢጨመርለት 80 ዴሲቤል ይደርሳል። አንድ ወጣት መሐንዲስ እነዚህን አኃዞች ሲያነብ የጉምጉምታ ታሪክ ያለቀ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ሦስት ስሕተቶች

የሠራሁት የኃይል ምንጭ ባለ 15-0-15 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ድልድይ ሬክቲፋየር፣ ሁለት ባለ 2,200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች፣ አንድ ኤልኤም 317 እና የአሉታዊው ወገን ጓደኛው የሆነው ኤልኤም 337 ያሉበት ነበር። በየወገኑ የሚጠበቀው ጭነት 50 ሚሊ አምፔር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የታወቀው ገና ቅድመ ማጉያው ሳይገናኝ ነው። ከእርሱ በፊት በየወገኑ ሬዚስተር እንደ ጭነት አስሬ በቴስተር ስለካ፣ አዎንታዊው 15 ቮልት ሲያሳይ አሉታዊው ትርጉም የሌለው ቁጥር አሳየኝ። ኤልኤም 337ን እንደ 317 አድርጌ አስሬው ኖሯል። መልካቸው አንድ ቢሆንም የመግቢያና የመውጫ እግሮቻቸው ቦታ የተለያየ ነው፤ የብረት ጀርባቸውም በአንዱ ከመውጫው፣ በሌላው ከመግቢያው ጋር የተገናኘ ስለሆነ ያለ ማገጃ በአንድ ብረት ላይ ማሰር አይቻልም። ይህ በአንድ ልኬት የሚታይ ስሕተት ነው። የኃይል ምንጭን በሬዚስተር ሳይፈትኑ ከቅድመ ማጉያ ጋር የሚያገናኙ ሁሉ ግን ዋጋውን በተቃጠለ ዕቃ ይከፍላሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ሰዓት የሚጠብቅ ነበር። ቀን ቀን ዝም የሚለው ማጉያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ያጉረመርማል። ካርትሪጁንም ገመዱንም ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ቴስተሩን በምሽት ይዤ ስቀመጥ፣ የሰፈሩ መስመር ከ220 ወደ 180 ቮልት ገደማ ወርዶ አገኘሁት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቀን በካፓሲተሩ ላይ 20 ቮልት ያህል ይገኛል፤ ማታ ግን 16.5 ብቻ ይቀራል። ኤልኤም 317 ደግሞ 15 ቮልት ለመስጠት 2 ቮልት ያህል ትርፍ ስለሚፈልግ፣ ትርፉ ሲያልቅ መቆጣጠሩን ትቶ የመጣበትን መወዛወዝ ሁሉ ያሳልፋል። በ50 ሚሊ አምፔር ጭነት በ2,200 ማይክሮፋራድ ላይ የሚታየው መወዛወዝ 0.23 ቮልት ያህል ነው። አንዱን ሬዚስተር ለውጬ ቮልቴጁን ወደ 12 ባወርደው የምሽቱ ጉምጉምታ ቆመ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነበር። የምሽቱ ጉምጉምታ ከተወገደ በኋላ፣ ቀንም ሌሊትም የማይለወጥ፣ ቀጭን ግን የማያቋርጥ የንብ ድምፅ ከሥር መኖሩን አስተዋልኩ። ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው፤ ካፓሲተሮቹን ወደ 10,000 ማይክሮፋራድ አሳደግኋቸው። ድምፁ ግን ይባስ ብሎ ሹል ሆነ።

በዚህን ጊዜ ነው ወደ ቀደምቶቹ ዘዴ የተመለስኩት። የኃይል ምንጩን ነቅዬ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ተካሁት። ፍጹም ዝምታ ሆነ። ስለዚህ ቅድመ ማጉያው፣ ካርትሪጁና የሸክላ ማጫወቻው ነጻ ወጡ። ነገር ግን የኃይል ምንጩ ቮልቴጅ በቴስተር ሲለካ ምንም እንከን አልነበረውም። ታዲያ ጉምጉምታው ከየት መጣ? ቀጥሎ የኃይል ምንጩን መልሼ አገናኝቼ የአንዱን ቻናል ገመዶች ሙሉ በሙሉ ስነቅል፣ የቀረው ቻናል ዝም አለ። ፍንጩ ይኸው ነበር፤ አንዱ ቻናል ብቻውን ጤነኛ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይታመማሉ።

ሁለቱን ካፓሲተሮች ከሳጥኑ ግራና ቀኝ አስቀምጬ፣ የጋራ መመለሻቸውን 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አገናኝቼ ነበር። የግራው ቻናል መመለሻ ከአንዱ ጫፍ፣ የቀኙ ከሌላው ጫፍ ታስሯል። በሥዕሉ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት የምድር ምልክት ስላላቸው አንድ ነጥብ ይመስላሉ። ሽቦው ግን 7 ሚሊ ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ካፓሲተር ኮረንቲን እንደ ወንዝ ሳይሆን እንደ ጥይት ነው የሚቀበለው፤ ዳዮዶቹ ከጊዜው አንድ አሥረኛውን ብቻ የሚከፈቱ ከሆነ፣ የ50 ሚሊ አምፔር ጭነት በ0.5 አምፔር ምት መሞላት አለበት። ይህ ምት በሰኮንድ 100 ጊዜ በዚያ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ በሁለቱ ጫፎች መካከል 3.5 ሚሊ ቮልት ይፈጥራል። ካርትሪጁ የሚሰጠው 5 ሚሊ ቮልት መሆኑን አስታውሱ። በሬጉሌተሩ በኩል ያልፋል ብዬ ስፈራው የነበረው መወዛወዝ በመጀመሪያዎቹ ካፓሲተሮች እንኳ 0.13 ሚሊ ቮልት ብቻ ነበር። ጠላቴን በዋናው በር ስጠብቅ በጓሮ ገብቷል። ካፓሲተሩን ሳሳድገውም ምቱን ይበልጥ አጭርና ከፍተኛ ስላደረግሁት ጉምጉምታውን አሹዬዋለሁ።

ፈውሱ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ካፓሲተሮቹን አቀራርቤ መመለሻዎቻቸውን በአጭር ወፍራም ሽቦ አገናኘሁ፤ ከዚያ የሚነሣ አንድ ብቸኛ ሽቦ ወደ አንድ ነጥብ አመጣሁ፤ የሁለቱን ቻናሎችና የሬጉሌተሮቹን መመለሻ ሁሉ በዚያች ነጥብ ብቻ ሰበሰብኩ። የመሙያው ምት ከእንግዲህ በካፓሲተሮቹና በሬክቲፋየሩ መካከል ብቻ ይዞራል፤ የሙዚቃው መንገድ አይደለም።

ለባልደረቦቼ

ከዚህ ሁሉ የማምንበትን ልናገር። የኃይል ምንጭ ከሙዚቃው ውጪ ቆሞ የሚመግብ ሎሌ አይደለም፤ የሙዚቃው ኮረንቲ ዞሮ የሚመለሰው በእርሱ ውስጥ ነው። በ1927 ማሞቂያውን ከካቶዱ የለዩት ሰዎች ጉምጉምታውን ያሸነፉት ማጣሪያ በማግዘፍ አልነበረም፤ በየት ገባ ብለው በመጠየቅ ነው። እኔም ከእነርሱ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቼ፣ እጅግ የተሻለ ዕቃ በእጄ ይዤ፣ ያንኑ ጥያቄ ሳልጠይቅ ሳምንታት አባከንኩ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምመክረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን ለክታችሁ እጃችሁን አስገቡ፤ በተለይ በቫልቭ ማጉያ ውስጥ የሚቀረው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ የኃይል ምንጩን ብቻውን በሬዚስተር ጭነት ፈትኑ። ቮልቴጁን በቀንም በምሽትም ለኩ። ቀጥሎ በባትሪ ተክታችሁ አድምጡ፤ ባትሪ ከ1925 በፊት የነበረው ዝምታ ምስክር ነውና። ድምፁ 50 ሄርዝ ከሆነ የትራንስፎርመሩን ማግኔት፣ የማጫወቻውን የምድር ሽቦና የገመዶችን ቀለበት መርምሩ፤ 100 ሄርዝ ከሆነ ወደ ሬክቲፋየሩና ወደ መመለሻው መስመር ሂዱ። ትልቅ ካፓሲተር ለመግዛት የምትወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዘመናችን አብዛኛው ማጉያ የሸክላ መግቢያ ሳይኖረው ስለሚሠራ፣ ሸክላ ያለው ሰው ቅድመ ማጉያውን ለብቻው ይገዛል ወይም ይሠራል። በየቤቱ የተቀመጡት ሸክላዎች ግን እየተቆጠሩ የሚያልቁ ናቸው። እያንዳንዳቸው በንጹሕ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ቢቀዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህም ከእኛ ሙያ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

የአባቴን ሸክላዎች ቀድቼ ስጨርስ፣ የመመለሻ ሽቦዎቹን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ የሚያሳይ ሥዕል በእጄ ሥዬ፣ ሦስቱን ስሕተቶች ከሥሩ ጽፌ፣ በኃይል ምንጩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ከእኔ በኋላ ክዳኑን የሚከፍት ሰው የምድሩን ምልክት አይቶ እንደ እኔ እንዳይታለል ነው።